ሊቁ እስጢፋኖስ ባናክ

ፖላንድ በምትባለው አገር ክራኮቭ የምትባል ጥንታዊት ከተማ አለች፤ የፖላንድ ነገሥታት በቀድሞ ዘመን ዘውድ የሚጭኑት በርሷ ነበረ። ነገር ግን በ19ኛው መቶ ዓመት ፖላንድ ነጻነቷን አጥታ ሦስት ኃያላን መንግሥታት ተካፍለዋት ነበርና፥ ክራኮቭ የኦስትርያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሆና ትኖር ነበር። በዚህች ከተማ በ1892 ዓ.ም. በማርች ወር በ30ኛው ቀን አንድ ወንድ ልጅ ተወለደ። (በዚህ ንባብ የሚገኘው ዘመን ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።) አባቱ እስጢፋኖስ ግሬቼክ የሚባል ወታደር ነበረ፤ እናቱም ካታርዚና ባናክ ትባል ነበር። ሁለቱ በጋብቻ የተሳሰሩ አልነበሩምና፥ ልጁ ክርስትና ሲነሣ የራሱን ስም ከአባቱ፥ የቤተ ሰቡን ስም ከእናቱ ወርሶ እስጢፋኖስ ባናክ ተባለ።

ከዚህ በኋላ እናቱ ከሕይወቱ ወጣች፤ ሁለተኛም አላያትም። አባቱ ሕፃኑን የልብስ ማጠቢያ ቤት ለነበራት ፍራንቺሽካ ፕዎቫ ለምትባል ሴት ሰጠው፤ እርሷም ከልጇ ከማርያ ጋራ ሆና እንደ ወለደችው አድርጋ አሳደገችው። ባናክ ከአደገ በኋላ እናቱ ማን እንደ ነበረች አባቱን ጠየቀው፤ አባቱ ግን ሊገልጥለት አልፈቀደም። ይህ ሰው ሌሎች ሊፈቱት ያልቻሉትን ብዙ ነገር ፈትቶአል፤ ስለ ገዛ እናቱ የጠየቀው ግን ሳይመለስለት ቀረ።

ወደዚያ ቤት ዡልዩስ ሜን የሚባል ፈረንሳዊ ይመላለስ ነበር። እርሱም የልጁን አስተዋይነት ተመልክቶ ከታናሽነቱ ጀምሮ ፈረንሳይኛ አስተማረው። ይህ ትምህርት እንደ ቀላል ነገር የሚቈጠር አይደለም፤ ከብዙ ዓመት በኋላ የባናክ ታላቁ መጽሐፍ በየአገሩ ሊቃውንት እጅ የገባው በፈረንሳይኛ ስለ ታተመ ነውና።

በ1902 ዓ.ም. ወደ ከተማው ትምህርት ቤት ገባ፤ በ1910 ዓ.ም. ጨረሰ። በዚያ ቪትከስ ሳይሆን ቪልኮሽ የሚባል ወዳጅ አገኘ፤ ሁለቱም በዕረፍት ሰዓት ጨዋታውን ትተው የሒሳብ ጥያቄ ይፈቱ ነበር። ትምህርታቸውን በፈጸሙ ጊዜ ግን ሁለቱም ሒሳብን ተዉት። የሒሳብ ትምህርት ከጥንት ጀምሮ ተሠርቶ ያለቀ፥ አዲስ ነገር የማይጨመርበት ነው ብለው አስበው ነበር። እንዲህ ያለው አሳብ በብዙ ወጣቶች ልብ ያድራል፤ መምህራንም ትምህርቱን እንደ ተዘጋ ሣጥን አድርገን የምናቀርብ እኛ ነንና ጥፋቱ የነርሱ ብቻ አይደለም። ስለዚህ ቪልኮሽ የምሥራቅን ቋንቋ ሊማር ሄደ፤ ባናክም ልቮቭ ወደምትባለው ከተማ ወርዶ የመሐንዲስ ትምህርት ጀመረ። ልቮቭ በዚያን ጊዜ የኦስትርያ፥ በኋላም የፖላንድ፥ ከዚያም የሶቪየት ግዛት የነበረች፥ ዛሬ ደግሞ በኡክራይን አገር ያለች ከተማ ናት። የሚረዳው ዘመድ ስላልነበረው እንጀራውን ሌሎችን በማስተማር ያገኝ ነበር፤ ትምህርቱም በዚህ ምክንያት ዘገየበት።

በ1914 ዓ.ም. ታላቁ ጦርነት ተነሣ። ባናክ አንድ ዐይኑ ደካማ ስለ ነበረ ወደ ጦር አልተወሰደም፤ መንገድ በሚሠራበት ቦታ የሠራተኞች አለቃ ሆኖ ጥቂት ጊዜ ሠራ፤ ከዚያም ወደ ክራኮቭ ተመለሰ። ዲፕሎማ አልነበረውም፥ ሹመትም አልነበረውም፥ የሚያውቀውም ሰው ጥቂት ነበረ። ብቻውን መጽሐፍ ያነብ ነበር እንጂ በሊቃውንት ዘንድ ስሙን የሚያውቅ አልነበረም።

በ1916 ዓ.ም. በአንድ ምሽት ሁጎ ሽታይንሃውስ የሚባል የሒሳብ ሊቅ ፕላንቲ በሚባለው የክራኮቭ የአትክልት ስፍራ ይመላለስ ነበር። ይህ ስፍራ የቀድሞው የከተማ ቅጥር ፈርሶ ዛፍ የተተከለበት፥ አሮጌውን ከተማ የሚከብ ነው። ሽታይንሃውስ ሲያልፍ በአግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡ ሁለት ጐልማሶች ሲነጋገሩ ሰማ፤ ከንግግራቸውም የሎቤግ ስም ጆሮው ገባ። ሎቤግ የሚባለው ፈረንሳዊ ያወጣው የስፋት አለካክ በዚያን ዘመን ከሊቃውንት እንኳ ጥቂቶች ብቻ የሚያውቁት ነገር ነበረ፤ በምሽት በአትክልት ስፍራ ይሰማል ተብሎ የሚጠበቅ አልነበረም። ስለዚህ ቀርቦ ተዋወቃቸው። አንዱ ኦቶ ኒኮዲም፥ ሁለተኛው እስጢፋኖስ ባናክ ነበረ። ሽታይንሃውስ እርሱ ራሱ ብዙ ጊዜ ደክሞ መፍታት ያቃተውን አንድ ጥያቄ አጫወታቸው፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ባናክ መልሱን ይዞለት መጣ።

እዚህ ላይ ስለ ሽታይንሃውስ ጥቂት ቃል ልናገር እወዳለሁ። እርሱ ያልቻለውን አንድ ዲፕሎማ የሌለው ሰው ሲፈታው ባየ ጊዜ አልቀናም፤ ነገሩንም አልሰወረም። የሁለቱን ስም አድርጎ ለማኅተም ላከው፤ ስለ ጦርነቱ ዘግይቶ በ1918 ዓ.ም. ታተመ። ሽታይንሃውስ ብዙ ነገር የመረመረ ሰው ሲሆን፥ እስከ እርጅናው ድረስ በሒሳብ ካገኘሁት ሁሉ የሚበልጠው ባናክ ነው ይል ነበር። ባናክ ሚስቱን ሉችያ ብራውስን ያወቃት ደግሞ በርሱ በኩል ነው፤ በ1920 ዓ.ም. ተጋቡ። በዚያው ዓመት ዎምኒትስኪ የሚባል ሊቅ በልቮቭ የመሐንዲሶች ትምህርት ቤት ረዳቱ አድርጎ ተቀበለው፤ የልቮቭ ዩኒቨርሲቲም ሥርዐቱን አላልቶ ዲፕሎማ የሌለውን ሰው ለዶክተርነት ፈተነው። በ1922 ዓ.ም. ፕሮፌሰር ሆነ።

አሁን ለዶክተርነት ያቀረበው ጽሕፈት ምን እንደ ነበረ በምሳሌ እናስረዳ፤ የዚህ ሰው ሕይወት ያለ ሥራው ባዶ ነውና።

የተዘረጋ ገመድ አንድ አቅጣጫ ብቻ አለው፤ በርሱ ላይ የምትሄድ ጕንዳን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ከመሄድ በቀር ሌላ መንገድ የላትም። የቤት ወለል ርዝመትና ስፋት ስላለው ሁለት አቅጣጫ አለው። ቤቱ ራሱ ቁመት ተጨምሮለት ሦስት አለው። በቤት ውስጥ ያለውን ማናቸውንም ቦታ በሦስት ቍጥር መናገር ይቻላል። ለዐይናችን ከዚህ የሚበልጥ አልተሰጠም፤ ለአእምሮ ግን ወሰን የለበትም። የክራር ጅማት ተመትቶ ሲንቀጠቀጥ የሚያሳየውን መልክ በትክክል ለመናገር የሚፈልግ ሰው ሦስት ቍጥር አይበቃውም፥ መቶም አይበቃውም፤ ፍጻሜ የሌላቸው ቍጥሮች ያስፈልጉታል። ስለዚህ የጅማቱ መልክ ሁሉ አቅጣጫው የማያልቅ በሆነ ኅዋ ውስጥ እንደ አንዲት ነጥብ ሊቈጠር ይችላል።

ባናክ እንዲህ ላሉት ኅዋዎች ሁሉ የሚሆን ሕግ ጻፈ። በኅዋው ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ ርዝመት ይኑረው፤ ነገሩ እጥፍ ሲሆን ርዝመቱም እጥፍ ይሁን፤ ዞሮ የሚሄድም በቀጥታ ከሚሄድ አይቅደም። ደግሞ ኅዋው ምሉእ ይሁን። ምሉእ ማለት፥ መንገደኛ እርምጃውን እያሳነሰ፥ የሚደርስበትም ቦታ እየታወቀ ሲሄድ፥ ያ ቦታ በዚያው ኅዋ ውስጥ ይገኛል፤ ከመንገዱ መጨረሻ ክፍት ጕድጓድ አይጠብቀውም ማለት ነው። ሕጉ ይህን ያህል አጭር ነው። አሜሪካዊው ኖርበርት ዊነርም በዚያው ወራት ይህንኑ የመሰለ አሳብ አግኝቶ ነበር፤ ነገር ግን በርሱ አልገፋበትም። ባናክ ገፋበት። እርሱ ራሱ በመጽሐፉ የቢ ዓይነት ኅዋ ብሎ በአንዲት ፊደል ብቻ ጠራው፤ ዛሬ ግን በዓለም ሁሉ የባናክ ኅዋ ይባላል።

ከዚሁ ጽሕፈት አንድ ፍሬ ብቻ ላሳይ። የአንድ አገር ካርታ በዚያው አገር ምድር ላይ ቢዘረጋ፥ በካርታው ላይ ያለች አንዲት ነጥብ ራሷ ከምታመለክተው ምድር ላይ በትክክል ታርፋለች፤ አንዲት ብቻ እንጂ ሁለት አትሆንም። ካርታው እንደ ምንም ቢዞር ይህ አይቀርም። ባናክ ነገሩ ማናቸውንም ርቀት በተወሰነ ልክ የሚያሳንስ ሥራ በሚደረግበት ምሉእ ስፍራ ሁሉ እውነት እንደ ሆነ አስረዳ፤ ዛሬ ብዙ የሒሳብ መልስ የሚፈለገው በዚህ መንገድ ነው።

የባናክ አሠራር እንደ ሌሎች ሊቃውንት አልነበረም። በጸጥታ ክፍል ከመቀመጥ ይልቅ ጫጫታና ሙዚቃ ባለበት ቡና ቤት መሥራት ይወድ ነበር። በልቮቭ ስኮትላንዳዊ የሚባል ቡና ቤት ነበረ፤ ባናክ፥ ማዙር፥ ኡላምና ሌሎችም በዚያ ተሰብስበው በእብነ በረድ ጠረጴዛ ላይ በእርሳስ እየጻፉ ይከራከሩ ነበር። የቅኔ ቤት ክርክር ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ያስተውለዋል፤ አንዱ የጣለውን ሌላው ያነሣል፥ አንዱ የሠራውን ሌላው ያፈርሳል፥ ሲመሽም የሚታወቀው ማን እንዳሸነፈ ሳይሆን ምን እንደ ተገኘ ነው። ነገር ግን አሽከሩ ማታ ጠረጴዛውን በውሃ ሲያጥብ የቀኑ ድካም አብሮ ይታጠብ ነበር፤ እንዲህ ሆኖ የጠፋ ነገር አለ። ወይዘሮ ሉችያ ይህን አይታ በ1935 ዓ.ም. አንድ ወፍራም ደብተር ገዝታ ሰጠቻቸው። ደብተሩ በቡና ቤቱ ይቀመጥ ነበር፤ የጠየቀ ጥያቄውን በአንድ ገጽ ይጽፋል፥ መልስ ያገኘም ከፊት ለፊቱ ይጽፋል። ለሚፈታው ሽልማት ይሰጠው ነበር፤ ለአንዳንዱ ጥያቄ ቡና፥ ለአንዳንዱ የወይን ጠጅ። ማዙር በ1936 ዓ.ም. ለጻፈው ለ153ኛው ጥያቄ ግን አንድ ነፍስ ያለው ዝይ ተስሏል።

የሰውን ሕይወት የሚጽፍ ነውሩን ሊሰውር አይገባም። ባናክ መጠጥ ያበዛ ነበር፤ ደመወዙን መያዝ አያውቅም፥ ዕዳውም ይበዛበት ነበር። ዕዳውን ለመክፈል የትምህርት ቤት የሒሳብ መጻሕፍት ይጽፍ ነበር፤ በዚያ ላይ ያጠፋው ጊዜ ከሌላ ሥራው ላይ የተወሰደ ነበረ። ያገኘውንም ቶሎ አይጽፍም ነበርና፥ ወዳጆቹ ካልጻፉለት ብዙው በቃል ይቀር ነበር። የልጆች መጻሕፍቱ ግን መልካም ነበሩ፤ ብዙ የፖላንድ ልጆች ተምረውባቸዋል።

በ1931 ዓ.ም. በፖላንድ ቋንቋ፥ በ1932 ዓ.ም. በፈረንሳይኛ የታተመው ታላቁ መጽሐፉ የሚታወቀው በመልሱ ብቻ አይደለም፤ በጥያቄውም ነው። መልሱን ያላገኘለትን ነገር ሳይሸሽግ ጽፎአል። ከነዚያ ጥያቄዎች አንዱ እንዲህ ነበረ።

በአንድ ኅዋ ውስጥ ሌላ ታናሽ ኅዋ ይገኛል፤ ንኡስ ኅዋ እንበለው። በቤት ውስጥ ወለሉ፥ በወለሉም ላይ የተሰመረው መስመር እንዲሁ ነው። አቅጣጫው በሚቈጠርበት ዘንድ ክፍል ከምሉው ምንጊዜም ያንሳል፤ ወለል ቤትን ሊመስል አይችልም። አቅጣጫው በማያልቅበት ዘንድ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከማያልቅ ላይ ቢቀነስ ገና የማያልቅ ይቀራልና፥ ክፍሉ የምሉው አምሳያ ሊሆን ይችላል። አምሳያ ማለታችን፥ የአንዱ ነጥብ ሁሉ ለሌላው ነጥብ አንድ ለአንድ ሲተካ፥ ድምር በድምር ላይ ሲውል፥ ርዝመቱም እንደ ሸማ ቢሳብ ወይም ቢሰበሰብ ከተወሰነ ልክ የማያልፍ ሲሆን ነው፤ ይለጠጣል እንጂ አይቀደድም።

በጀርመናዊው በሂልበርት ስም የሚጠራ አንድ ኅዋ አለ። ማእዘን በትክክል የሚለካበት፥ የፒታጎራስም ሕግ የሚጸናበት እርሱ ነው። በዚህ ኅዋ ውስጥ ያለ፥ አቅጣጫው የማያልቅና ምሉእ የሆነ ንኡስ ኅዋ ሁሉ፥ የትኛውም ቢወሰድ፥ የኅዋው አምሳያ ነው። ባናክም እንዲህ ሲል ጠየቀ፤ ክፍሉ ሁሉ ምሉውን የሚመስል ኅዋ ከሂልበርት ኅዋና ከአምሳያዎቹ በቀር ሌላ ይገኛልን? ጥያቄው በአንድ እስትንፋስ ይነገራል፤ መልሱ ግን ከ60 ዓመት በላይ ወሰደ።

ባናክ መልሱን ለመፈለግ ጊዜ አላገኘም። በ1939 ዓ.ም. ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተነሥቶ የሶቪየት ሠራዊት ልቮቭን ያዘ። ባናክ በዩኒቨርሲቲው የሒሳብ ክፍል አለቃ ሆኖ ቈየ። በ1941 ዓ.ም. በጁን ወር መጨረሻ ጀርመኖች ገቡ። ከጥቂት ቀን በኋላ በጁላይ ወር በአንድ ሌሊት የከተማውን ፕሮፌሰሮች ከየቤታቸው አውጥተው በኰረብታ ላይ በጥይት ገደሉአቸው። በ1920 ዓ.ም. ለባናክ የመጀመሪያውን እንጀራ የሰጠው ዎምኒትስኪ ከሞቱት አንዱ ነበረ፤ ከባናክ ጋራ የልጆችን መጻሕፍት የጻፈው ስቶዤክም ከሁለት ልጆቹ ጋራ ተገደለ። ዩልዩሽ ሻውደር የሚባለው ሌላው ወዳጁ አይሁዳዊ ስለ ነበረ በ1943 ዓ.ም. ተገደለ። ሽታይንሃውስም አይሁዳዊ ነበርና ስሙን ለውጦ በገጠር ተሸሸገ።

ባናክን ያዳነችው ቅማል ናት ብል አንባቢው ይደነቅ ይሆናል። በልቮቭ ሩዶልፍ ቫይግል የሚባል ሊቅ የተስቦ በሽታ መከላከያ መድኀኒት የሚሠራበት ቤት ነበረው። መድኀኒቱ የሚሠራው ከቅማል ነው፤ ቅማሎቹም በሰው ደም ካልሆነ አይኖሩም። ስለዚህ በታናናሽ ሣጥን ውስጥ የተጨመሩ ቅማሎች በሰው እግር ላይ ታስረው ደሙን እንዲመጡ ይደረግ ነበር። ጀርመኖች መድኀኒቱን ለሠራዊታቸው ስለ ፈለጉት የዚያ ቤት ሠራተኛ ወረቀት የያዘውን ሰው ብዙ ጊዜ አይነኩትም ነበር፤ ቫይግልም ይህን ዐውቆ ብዙ የተማሩ ሰዎችን በዚህ ሥራ ሰበሰበ። የባናክ ኅዋ የሚባለውን ለዓለም የሰጠ ሰው ጀርመኖች እስኪወጡ ድረስ ቅማል በደሙ እየመገበ ቈየ። ይህን ነገር ሳነብ ኀዘንም ምስጋናም ይሰማኛል፤ ለየትኛው እንደማደላ አላውቅም።

በ1944 ዓ.ም. በጁላይ ወር ጀርመኖች ተባረሩ። ባናክ ግን በሳንባ ካንሰር ታምሞ ነበር። በክራኮቭ የፕሮፌሰርነት ቦታ ተዘጋጅቶለት ሳለ ወደ ተወለደበት ከተማ ሳይመለስ በ1945 ዓ.ም. በኦገስት 31 ቀን በልቮቭ ሞተ፤ ዕድሜው 53 ዓመት ነበረ። ሊቻኪቭ በሚባለው መቃብር ተቀበረ።

ያ ደብተር አልጠፋም። ወይዘሮ ሉችያ ወደ ቭሮትስዋቭ ስትሰደድ አብሮ ወጣ፤ ሽታይንሃውስም በገዛ እጁ ገልብጦ በ1956 ዓ.ም. በአሜሪካ ለሚኖረው ለኡላም ላከለት፤ ኡላምም ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። በ1972 ዓ.ም. ፔር ኤንፍሎ የሚባል የስዊድን ሰው 153ኛውን ጥያቄ ፈታ፤ ማዙርም ስእለቱን አልረሳም፥ በዋርሶ ብዙ ሰው እያየ ነፍስ ያለውን ዝይ ሰጠው።

የንኡሳን ኅዋዎች ጥያቄ ከዚህ ይልቅ ቈየ። በ1971 ዓ.ም. ሊንደንሽትራውስና ጻፍሪሪ የሚባሉ የኢየሩሳሌም ሊቃውንት፥ ለያንዳንዱ ምሉእ ንኡስ ኅዋ የቀረውን የሚሞላ ጓደኛ የሚገኝለት ኅዋ ከሂልበርት ኅዋና ከአምሳያዎቹ በቀር እንደሌለ አስረዱ፤ ይህም የባናክ ጥያቄ ጎረቤት ነው እንጂ ራሱ አይደለም። በ1974 ዓ.ም. ጺሬልሶን የሚባል ሊቅ፥ ከታወቁት የቀድሞ ኅዋዎች አንዱን እንኳ በውስጡ የማይዝ እንግዳ ኅዋ ሠራ፤ ሊቃውንትም በማያልቀው ነገር ውስጥ ያልጠበቁት ሁሉ እንዳለ በዚያን ጊዜ ተረዱ። በ1993 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቲሞቲ ጋወርስና ፈረንሳዊው በርናር ሞሬ ከዚያ የባሰ አወጡ። በየበኩላቸው አግኝተውት ኋላ በአንድነት ያሳተሙት ኅዋ፥ እርሱም ሆነ በውስጡ ያለ ማናቸውም ክፍል አቅጣጫቸው በማያልቅ በሁለት ክፍሎች ሊከፈል አይችልም፤ ከራሱ ከሚያንስ ክፍል ጋራም አምሳያ አይሆንም። አንዲት አቅጣጫ ብቻ ቢወሰድበት እንኳ ሌላ ነገር ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ጋወርስ ታላቁን ነገር አስረዳ። በማናቸውም አቅጣጫው በማያልቅ የባናክ ኅዋ ውስጥ ከሁለቱ አንዱ ይገኛል፤ ወይም እንደዚያ የማይከፈል ንኡስ ኅዋ፥ ወይም መልካም መሠረት ያለው ንኡስ ኅዋ። መልካም መሠረት ያልሁት፥ ነጥቡ ሁሉ እንደ ቤት ከታወቁ ድንጋዮች የሚሠራበት፥ ድንጋዮቹም በማናቸውም ተራ ቢነሡ ቤቱ የማይናድበት ነው። እንግዲህ ክፍሉ ሁሉ ምሉውን የሚመስል ኅዋ ካለ፥ እርሱ ራሱ ከሁለቱ አንዱን መምሰል አለበት። የማይከፈለውን ሊመስል አይችልም፤ እንዲህ ያለው የገዛ ክፍሉን አይመስልምና። ስለዚህ እርሱም ክፍሎቹም ሁሉ መልካም መሠረት ያላቸው ይሆናሉ። ኮሞሮቭስኪና ኒኮል ቶምቻክ ዬገርማን የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት ግን በ1995 ዓ.ም. ባሳተሙት ሥራ ይህ ከሂልበርት ኅዋ በቀር በሌላ ሊሆን እንደማይችል አሳይተው ነበር። የጋወርስም ጽሕፈት በ1996 ዓ.ም. ታተመና ባናክ በ1932 ዓ.ም. ለጠየቀው መልሱ ተፈጸመ፤ ሌላ የለም። ጋወርስ በ1998 ዓ.ም. በበርሊን የፊልድስን ሜዳልያ ተቀበለ።

የመልሱም መገኘት አዲስ ጥያቄ ወለደ። የሂልበርት ኅዋ ንኡሳን ሁሉ አንድ ዓይነት ከሆኑ፥ የሌሎቹ ኅዋዎች ንኡሳን ስንት ዓይነት ናቸው? ጆንሰን የሚባል አሜሪካዊ ሊቅ፥ ንኡሳኑ ሁለት ዓይነት ብቻ የሆኑለት ኅዋ ይገኝ እንደ ሆነ ጠይቆአል፤ መልሱ ገና ይፈለጋል።